የአቶ ማህተም ቀይ ክብ

አቶ ማህተም ሲባሉ ሰምታችሁ እውነተኛ ስማቸው እንዳይመስላችሁ። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም ከደሞዝ ክፍሉ በቀር የሚያስታውሰው የለም። ሰውየው የምግብ ቤቶች ንጽህና ተቆጣጣሪ ናቸው። ዳቦ ቤት፣ ኬክ ቤት፣ ሥጋ ቤት ሳይሉ ከተማውን እየዞሩ፣ ምድጃ ሥር አጎንብሰው፣ ጣሪያ ሥር ተንጠራርተው፣ መደርደሪያውን በጣታቸው አሽተው ያያሉ። አይተው ሲጨርሱ ቢሯቸው ይገቡና ማህተም ያሳርፋሉ። ሁለት ማህተም አላቸው፤ ቀዩ በቀኝ ኪስ፣ አረንጓዴው በግራ። ኮታቸው በሁለቱም በኩል ያበጠው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉልኝ፤ ጉዱ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው። በእሳቸው መሥሪያ ቤት ቀይ ማለት «አለፈ» ማለት ነው፤ አረንጓዴ ደግሞ «ወደቀ»። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። ድሮ ቢሮው ሲከፈት የነበሩት አለቃ «ያለፈው ከመደርደሪያ ላይ በሩቁ ይታየን፤ ቀይ ይሁን» አሉ። ለወደቀው ከጎረቤት ቢሮ የተረፈ አረንጓዴ ቀለም ተገኘ፤ በዚያው ቀረ። ወረቀቱ ከመዝገብ ቤት ስለማይወጣ የከተማው ሰው ይህን አያውቅም፣ ማወቅም አላስፈለገውም። ቢሮው ውስጥ ግን አጥንት ድረስ የገባ ነገር ነው። ልጁ ፈተና ያለፈለት «ቀይ ሆነልኝ!» እያለ ይገባል። ከሚስቱ ጋር ተኮራርፎ ያደረው «ዛሬስ ቤቴ አረንጓዴ ነው» ብሎ ይተክዛል።

የአቶ ማህተም ቤትም ያው ነው። ባለቤታቸው ያረፉባቸው ልጃቸው ገና ዳዴ ስትል ነበር፤ እናትም አባትም ሆነው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ፀጉሯን ሲጎነጉኑ አንዱ ወደ ሰማይ አንዱ ወደ ምድር እየሄደባቸው፣ ሾርባውን እያሳረሩ፣ እንደ ምንም ብለው ለአቅመ ሔዋን አደረሷት። ልጅቱ በሕፃንነቷ ሳህኗን ስትጨርስ፣ የጫማዋን ክር ራሷ ስታስር፣ ከቀኝ ኪሳቸው ያወጡና እጇ ጀርባ ላይ ጠብ! ቀይ። ያንን ቀይ ሳታጥብ ነበር የምትተኛው።

ሌላው መታወቂያቸው አለመብላታቸው ነው። «በምቆጣጠረው ቤት አልበላም» ብለው ገና ሲቀጠሩ ምለዋል። የማይቆጣጠሩት ቤት ደግሞ በከተማው የለም። ስለዚህ ምሳ ዕቃቸውን በፌስታል አንጠልጥለው ይዞራሉ፤ የሌላ ሰው ብርጭቆ ውሃ እንኳ አፋቸው አይደርስም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያሉ የሚቀልዱባቸው ብዙ ናቸው። እሳቸውም መልስ አያጡም፤ «እኔን ይቁጨኝ፤ የናንተን ሆድ ከሚቆርጠው!»

በዚህ ነገር ከሁሉ በላይ የሚቀየሟቸው ዳቦ ጋጋሪዋ ነበሩ። እትዬ እርሾ ነው የሚባሉት፤ በትንሽ በትልቁ ኩፍ ስለሚሉ። ንጽህናቸው ለጉድ ነው። ዳቦ ቤታቸው ጫማ ሳይቀይሩ አይገባም፤ የዱቄት ወንፊታቸውን እንደ ሕፃን ጠቅልለው ነው የሚያስቀምጡት። አቶ ማህተም ለቁጥጥር በመጡ ቁጥር ትኩስ ዳቦ ይቆርሱና «እስቲ ይቅመሱልኝ» ይላሉ።

«ደንብ ነው፣ እትዬ።»

«አንዲት ቁራሽ?»

«ደንብ ነው።»

እትዬ እርሾ ቁራሹን ይመልሱና ሳምንቱን ሙሉ ሰላምታ ይነሷቸዋል።

ፈጣሪ ሲቀልድ ታዲያ የአቶ ማህተም ልጅ ከእትዬ እርሾ ልጅ ጋር ተዋደደች። ልጁ የእናቱን ዳቦ በመኪና ለየሱቁ የሚያመላልስ፣ ጥሩምባ ሲነፋ እንኳ ይቅርታ የሚጠይቅ የሚመስል ዝምተኛ ነው። አቶ ማህተም ወደዱት። እትዬ እርሾም ልጅቱን ወደዷት፤ አባቷን ግን «ዳቦዬን የማይቀምስ ሰው እንዴት ነው ዘመዴ የሚሆነው?» እያሉ ያማሉ። ቢሆንም የሠርጉ ቀን ተቆረጠ፤ አዳራሽ ተያዘ። አቶ ማህተም በሕይወታቸው የሚጠብቁት የቀራቸው አንድ ነገር ይህ ነበር፤ ያቺን ፀጉሯን አጣመው የጎነጎኗትን ልጅ ሙሽራ ሆና ማየት።

አሁን ወደ ካርታው ልምጣ።

ልጅቱ ሥራዋ ካርታ ነው። ካርታ ስል ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን አይደለም፤ በስልክ የሚከፈተውን፣ በጣት ሲነኩት የሚሰፋውንና የሚጠብበውን ነው። እሷና የሥራ ባልደረቦቿ ስለ ካርታ ምንም የማያውቅ ሰው ቁጭ ብሎ የራሱን ካርታ የሚሠራበት ድረ ገጽ አላቸው። ሰው ደግሞ ታውቁት የለም? ቀለም ከሰጡት ሁሉንም ይደፋዋል። አንዱ አሥራ አምስት ቀለም ደባልቆ ካርታውን የልጅ ሹራብ ያስመስለዋል። ሌላው ጽሑፉን በጽሑፍ ላይ ይደርባል። ስለዚህ ልጅቱ «አማካሪው» የሚባል ነገር ጻፈች፤ ሰው ቀለምና ቅርጽ ከመምረጡ በፊት እንደ ታላቅ እህት ቀስ እያለ የሚጠይቅ። ለማን ነው የምትሠራው? መጀመሪያ ምን እንዲታይ ትፈልጋለህ? ጥያቄውን መልሶ ምክሩን የሰማ ሰው ደህና ካርታ ይዞ ይወጣል።

ታዲያ የአቶ ማህተም አዲሱ ሥራ አስኪያጅ አንድ ቀን ሠራተኛውን ሰብስበው «ከእንግዲህ ሕዝቡ የትኛው ቤት ንጹህ እንደሆነ ከስልኩ ላይ ይይ፤ ካርታ ይውጣ» አሉ። ዕጣው አቶ ማህተም ላይ ወደቀ።

«አባዬ፣ ላግዝህ?» አለች ልጃቸው በእራት ሰዓት።

«ምን ሆንኩ ብለሽ? እርሳስ አያያዝ ያሳየሁሽ እኔ አይደለሁም? ደግሞስ ያንቺን ድረ ገጽ ማንም ይሠራበታል አላልሽም? ከማንም አንሳለሁ?»

«ኧረ አታንስም። አማካሪውን ብቻ አንብበው፣ እሺ?»

«እሺ፣ እሺ።»

እሺ ማለት ለአቶ ማህተም ማንበብ ማለት አይደለም። እሳቸው ስልክና ኮምፒውተር የሚጠይቀው ሁሉ እሺ ካሉት ይሄዳል፣ እምቢ ካሉት ይበላሻል የሚል እምነት አላቸው። በማግስቱ ከሰዓት መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። አማካሪው «ካርታህን የሚያየው ማን ነው?» አላቸው። «ምን አገባህ!» አሉና «ቀጥል» የሚለውን ነኩ። ለካርታው መደብ ፈዘዝ ያለ፣ ዓይን የማይሻማ ወረቀት የመሰለ አቀረበላቸው። እሳቸው ከሰማይ የተነሳውን ፎቶ መረጡ፤ የራሳቸው ጣሪያና ገመድ ላይ የተሰጣ አንሶላቸው ታይቷቸው ደስ ስላላቸው። ከዚያ ያለፉትን ሁሉ በቀይ ክብ፣ የወደቁትን በአረንጓዴ ክብ አስቀመጡ። አማካሪው ረዘም ያለ ጥያቄ ይዞ ብቅ አለ። ቀጥል። ሌላ ይዞ መጣ። ቀጥል። የትኛው ቀለም ምን ማለት እንደሆነ የሚናገረው መፍቻ ካርታው ጥግ ላይ በትንሽ ሳጥን ተቀምጦ ነበር፤ የሚስታቸውን የድሮ ሠፈር ሸፈነባቸውና «ዞር በል» ብለው አጠፉት።

መጨረሻ ላይ እትዬ እርሾ ዳቦ ቤት ሲደርሱ ልባቸው ራራ። «ምስኪን፣ ዘመዴ ሊሆኑ ነው። ዳቧቸውን ባልቀምስ፣ ክብራቸውን ላሳይላቸው» አሉ። ክቡን ጎተት አድርገው አተለቁት፤ አሁንም ጎተት። ጥላ ጨመሩለት፣ ወፍራም ጠርዝ አደረጉለት። ክቡ ጫማ ሰፊውን ዋጠ፣ ፀጉር አስተካካዩን ዋጠ፣ መንገዱን ተሻገረ። በከተማው ውስጥ እንዲህ የሚያበራ ቀይ አልነበረም። አቶ ማህተም ወንበራቸው ላይ ደገፍ ብለው አዩትና ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ካርታውን ለሕዝብ ለቀቁት።

ሊኩሏት ሲሉ ዓይኗን አጠፏት ማለት ይህ ነው።

በማግስቱ ጠዋት አቶ ማህተም ክራቫት አስረው ወጡ። ሰው ሁሉ ስልኩን ያያል፣ እሳቸውን ያያል፣ ይንሾካሾካል። «ተወራልኝ!» አሉ በሆዳቸው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ የሚወራው ምን እንደሆነ በምን ያውቃሉ? ኬክ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ግን ቆም አሉ። ያ ኬክ ቤት በየዓመቱ አረንጓዴ የሚመታ፣ ድመቷ ዱቄት ከረጢት ላይ ስለምትተኛ እውነተኛ ቀለሟን ሰው የሚያውቀው ዝናብ ሲመታት ብቻ የሆነ ቤት ነው። ዛሬ ሰልፉ እስከ ማዞሪያው ደርሷል። ባለ ኬክ ቤቱ እንደ ሙሽራ ላብ በላብ ሆኖ ወጣና እጃቸውን ጨበጣቸው።

«ጋሼ፣ ውለታዎን በምን ልክፈለው! እኔ እኮ ይጠሉኛል ብዬ ነበር!»

«አንተ? አሁንም እጠላሃለሁ!» አሉና እጃቸውን በመሐረብ እየጠረጉ አለፉ።

የተፈጠረው ነገር አሁንም አልገባቸውም። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ ከሱቁ ወጥቶ «እኔ ምን በደልኩ? ፀጉር እቆርጣለሁ እንጂ ምግብ አልሸጥም! ደንበኛው ሁሉ ቅማል አለበት ብሎ ቀረብኝ!» ሲላቸው ነው እርምጃቸውን ያፈጠኑት።

እትዬ እርሾ ዳቦ ቤት ገቡ። ጫማቸውን ቀየሩ። ሰው የለም። ዳቦው ከመደርደሪያው አልፎ ጠረጴዛው ላይ፣ ከጠረጴዛው አልፎ ወንበሮቹ ላይ ተከምሯል። እትዬ እርሾ ከክምሩ ጀርባ ቆመዋል፤ ፊታቸው እሳት የጎረሰ ነው።

«እንኳን ደስ አለዎ» አሉ አቶ ማህተም፣ ቀስ ብለው።

«ለምኑ?»

«አላዩትም እንዴ? ቀይ እኮ ነው የሰጠሁዎ!»

«አይቼዋለሁ!»

«ከሁሉም የሚበልጥ ቀይ እኮ ነው!»

«አይቼዋለሁ አልኩዎ እኮ! ከተማው ሁሉ አይቶታል! ‹ይሄ ቤት መርዝ አለበት፣ ክቡ ጎረቤት ድረስ ደርሷል› እየተባለ ነው! አንዷ ደንበኛዬ ልጇን በዚህ በኩል እንዳታልፍ ከልክላታለች!»

አቶ ማህተም ክራቫታቸውን ላላ አደረጉ። «ቀይ… አለፈ ማለት አይደለም?»

«በየት አገር? መኪና በቀይ ያልፋል?»

ሰውየው በዚህ ሁሉ ዘመን የመንገድ መብራትን ከማህተማቸው ጋር አገናኝተው አስበው አያውቁም። መብራት መብራት ነው፣ ማህተም ማህተም ነው። አሁን ሁለቱ ነገሮች ጭንቅላታቸው ውስጥ ተጋጩ።

«እኔ የሚያቃጥለኝ ግን ቀለሙ አይደለም» አሉ እትዬ እርሾ፤ ድምፃቸው ተሰበረ። «ሰዉ ምን እንዳለ ያውቃሉ? ‹ለነገሩ እሳቸውም ከዚያ ቤት ሲበሉ አይተን አናውቅም› ነው ያለው። እውነታቸውን ነው! አንዲት ቁራሽ! በዚህ ሁሉ ዓመት አንዲት ቁራሽ ከእጄ አልወሰዱም። ተጸይፈውኝ ነዋ! ልጄን ከሚጸየፈኝ ቤት አልድርም። ሠርጉ ቀርቷል። በሩን ሲወጡ ይዝጉልኝ።»

አቶ ማህተም በሩን ዘጉት። ጫማቸውን ሳይቀይሩ መውጣታቸውን ያወቁት ቤታቸው ሲደርሱ ነው።

ልጃቸውና የእትዬ እርሾ ልጅ ሳሎን ተቀምጠዋል። የልጅቱ ዓይን ቀልቷል። ልጁ መሬት መሬት ያያል።

«አባዬ፣ ይሄን ካርታ አንተ ነህ የሠራኸው?»

«አዎ።»

«በእኔ ድረ ገጽ?»

«አዎ።» ከዚያ ወደ ልጁ ዞሩ። «አንተስ ልጄ፣ ማታ ሳታየው አልቀረህም። ምነው ዝም አልክ?»

ልጁ አንገቱን አከከ። «ጋሼ፣ እኔ ቀይና አረንጓዴ አይለይልኝም። ከተፈጥሮዬ ነው። ለእኔ ሁሉም ያው ቡናማ ነው። የእማዬ ክብ ትልቅ መሆኑን ብቻ አየሁና ደስ ብሎኝ ተኛሁ።»

በከተማው ውስጥ የአቶ ማህተምን ልብ በትክክል ያነበበ ይኸው አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ቀለም የማይለየው።

ልጅቱን ሊያስቃት ነበር፤ ግን አልሳቀችም። ኮምፒውተሯን ከፈተችና አባቷ ዘለውት የሄዱትን ያንን ረዘም ያለ ጥያቄ አወጣችላቸው። «አንብበው» አለች።

መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡ። «ይህ ቀለም ለአንተ ጥሩ ነገር ማለት ይሆናል። ካርታውን ለሚያየው ሰውስ? ቀይ ለብዙ ሰው አደጋ ነው። እርግጠኛ ነህ?»

«ይሄን ጥያቄ አንተን እያሰብኩ ነው የጻፍኩት፣ አባዬ።»

«እኔን?»

«አንደኛ ክፍል ሆኜ፣ አስተማሪዋ የሒሳብ ደብተሬን በቀይ ኤክስ ሞልታ የሰጠችኝን ረሳኸው? ከፍ አድርጌ ይዤ ‹ሁሉም ቀይ! ሁሉም ቀይ!› እያልኩ ክፍሉን ስዞር ልጆቹ መሬት እስኪነኩ ሳቁብኝ። ቤት መጥቼ ሳለቅስ አንተ ምን አደረግህ?»

አቶ ማህተም አስታወሱ። በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄደው አስተማሪዋን «ቀለምዎን ይቀይሩ» ብለው ተጨቃጭቀው ነበር።

«ያኔ ነው ቀለም ሰው ሁሉ ጋ አንድ እንዳልሆነ ያወቅኩት። አስተማሪዋም አልተሳሳተችም፣ አንተም አልተሳሳትክም። ለሌላው ሰው ግን ሳይነግሩት አይገባውም። ሥራዬ ብዬ የያዝኩት ይሄንን ነው። ያንን ጥያቄ ሳምንት ሙሉ ቃሉን እየቀያየርኩ የጻፍኩት፣ አባቴ ቢያየው ይገባው ይሆን እያልኩ ነበር። አንተ ግን…»

«ቀጥል አልኩት» አሉ አቶ ማህተም፣ በቀጭን ድምፅ።

«ቀጥል አልከው።»

ሰውየው ወንበር ስበው ልጃቸው ጎን ተቀመጡ። እርሳስ አያያዝ ያሳዩዋት ሰው አሁን እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው «ጠይቂኝ» አሏት። ጠየቀቻቸው፤ አንድ በአንድ፣ ሳይዘሉ መለሱ። የሚያየው ማን ነው? ቁርስ ሊገዛ የወጣ ሰው፣ መንገድ ላይ፣ ፀሐይ ላይ፣ በስልኩ። ምን ማወቅ ይፈልጋል? የቱ ጋ ልብላ? ታዲያ ከሰማይ የተነሳው ፎቶ ምን ያደርግለታል? የእኔን አንሶላ ያሳየዋል። ይውጣ። ክቡ ለምን ተለያየ? አንዱን ስለወደድኩት። እሱም ይውጣ፤ ትልቅ ሲሆን ሰው «ብዙ» ብሎ ነው የሚያነበው፣ «የተወደደ» ብሎ አይደለም። ክቦቹ ሁሉ እኩል ሆኑ። ያለፈው ደማቅ ሰማያዊ ከነራይት ምልክቱ፣ የወደቀው ብርቱካናማ ከነኤክሱ ሆነ። ልጁን ጠርተው «ይለይልሃል?» አሉት፤ ለየለት። መፍቻው ጥግ ላይ ተመለሰ፤ «አለፈ»፣ «ወደቀ»፣ በቃል። እንዲህ ጥሩ ካርታ ከተማው አይቶ አያውቅም።

ምን ዋጋ አለው! የፈሰሰ ውሃ አይታፈስ። አዲሱ ካርታ ከሰዓት በኋላ ወጣ፤ ማምሻውን ልጁ ደወለ። «ጋሼ፣ ሰዉ ‹አማች ስለሆኑ ቀለሙን ቀየሩላቸው› እያለ ነው። እማዬ በር ዘግታ ተቀምጣለች።»

አቶ ማህተም ይህን ሲሰሙ ስልኩን ዘግተው አስቀመጡት። በሕይወታቸው ለሰው ብለው የቀየሩት ማህተም የለም። እሱን እንኳ ይቻሉት፤ ልጃቸው ጓዳ ገብታ ውሃውን ከፍታ ስታለቅስ መስማቱ ነው ያቃጠላቸው። በውሃ ድምፅ ለቅሶ መደበቅ ከእሳቸው ነው የተማረችው፤ እናቷ ያረፈች ጊዜ።

ጠዋት ምሳ ዕቃቸውን ሳይዙ ወጡ። ልጃቸው ግራ ገብቷት ተከተለቻቸው። ዳቦ ቤቱ ሲደርሱ የእትዬ እርሾን ጫማ መለሱ፣ የራሳቸውን ወሰዱ፣ ደግሞ ቀየሩ። ከዚያ ወንበር አንስተው፣ ከመንገዱ ፊት ለፊት ያለው ትልቁ መስታወት ሥር አስቀመጡና ተቀመጡ።

«ምን ፈለጉ?» አሉ እትዬ እርሾ።

«ዳቦ። እና ሻይ።»

«ምን አሉ?»

«ዳቦ አልኩዎ። እከፍላለሁ።»

እትዬ እርሾ እጃቸውን ሽርጣቸው ላይ እንደያዙ ቀሩ። ከውጭ ፀጉር አስተካካዩ አየ። መቀሱን ጥሎ ወደ ውስጥ ጮኸ፤ «ኧረ ኑ! አቶ ማህተም ሊበሉ ነው!» የሚላጨው ሰውዬ ግማሽ ጺሙን አረፋ እንደለበሰ ወጣ። ጫማ ሰፊው መጣ። ከኬክ ቤቱ ሰልፍ ኋለኛው ተሰበረ፣ ከዚያ መሐሉ፤ መስታወቱ በአፍንጫ ተሞላ። እትዬ እርሾ ዳቦውን አመጡ፤ ልጃቸው ሻዩን ይዞ ተከተላቸው።

አቶ ማህተም ቆረሱ። አሸተቱ። ጎረሱ። ቀስ ብለው አኘኩ፤ ጉሮሯቸው የሰው ዳቦ ለምዶ ስለማያውቅ መዋጡ ራሱ ጊዜ ወሰደ። ልጃቸው ከበሩ ሥር እጆቿን አጣምራ ቆማለች።

«እህስ?» አሉ እትዬ እርሾ።

አቶ ማህተም ዋሽተው አያውቁም። ዛሬ መዋሸት እንዳለባቸው ያውቁታል፣ ልጃቸውን ቀና ብለው አዩ፣ አፋቸውን ከፈቱ፣ ግን ልማድ ነውና ያለው ነገር ወጣ።

«ጨው አንሶታል።»

ልጅቱ ዓይኗን ጨፈነች። እትዬ እርሾ ኩፍ አሉ፤ አንገታቸው አበጠ፣ ጉንጫቸው አበጠ፣ ሊፈነዱ ሆነ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንሶታል?»

ልጁ በሹክሹክታ «አዎ፣ እማዬ። ሐኪሙ ጨው ከከለከለሽ ጀምሮ አንሶታል። መናገር ፈርተን ነው» አላቸው።

«እናንተ ሁላችሁ?» አሉ ወደ መስታወቱ። ከውጭ ያለው ሕዝብ አንገቱን ደፋ፤ ባለ ግማሽ ጺሙ ብቻ «ትንሽ» አለ።

እትዬ እርሾ የፈነዱት ያኔ ነው፤ በሳቅ። ወንበሩ ላይ ቁጭ እስኪሉ፣ ሽርጣቸውን ፊታቸው ላይ እስኪሸፍኑ ሳቁ። «ይሄን ሁሉ ዓመት! አንድ ሰው! አንድ እውነተኛ ሰው ጠፍቶ!»

ውጭ ደግሞ ፀጉር አስተካካዩ ለሕዝቡ ያስረዳ ነበር። «ሰማችሁ? ለአማቻቸው እንኳ አላደሉም! ለጨው እንዲህ ያሉ ሰውዬ ቆሻሻ ቢኖር ዝም ይሉ ነበር? ደግሞስ እየበሉ አይደል?» እውነትም አቶ ማህተም እየበሉ ነበር። ጨው ያነሰውን ዳቦ፣ ያለ ምሳ ዕቃ፣ በአደባባይ፣ ሁለተኛውን ቁራሽ እየበሉ ነበር። በሩ ተከፈተ፤ ሰዉ ጫማውን እየቀየረ ይገባ ጀመር፤ የሚቀየረው ጫማ አልቆ በካልሲ የገባም አለ።

እትዬ እርሾ ዓይናቸውን ጠርገው አቶ ማህተም ፊት ለፊት ወንበር ሳቡ።

«አልተጸየፉኝም ማለት ነው?»

«እኔ? ከተማው ውስጥ ያለ ማቅማማት ማህተም የምመታው ለእርስዎ ቤት ብቻ ነበር። መብላቱን ግን… ለአንዱ ከበላሁ ለሌላው እንዴት እምቢ እላለሁ ብዬ ነው። ከእንግዲህ የእርስዎን ቤት ሌላ ሰው ይቆጣጠር። እኔ እበላለሁ።»

«ታዲያ ሠርጉስ?» አሉ እትዬ እርሾ፤ ፈገግታቸውን እንደ ምንም እየያዙ። «እስቲ በማህተምዎ ይንገሩኝ። የትኛው ነው?»

የአቶ ማህተም እጅ ከልማዱ ወደ ቀኝ ኪስ ሄደ። መንገድ ላይ ቆመ። ማህተሙን አወጡና፣ ሰዉ ሁሉ እያየ፣ ወደ በሩ ሄደው ልጃቸው መዳፍ ላይ አስቀመጡት። «እሷን ይጠይቋት» አሉ። «ቀለም የእሷ ሥራ ነው።»

ልጅቱ ማህተሙን አየችው። ሰው ሁሉ ቀይን እንዲጠነቀቅ ስታስተምር የኖረች ልጅ፣ እንባዋ እየወረደ፣ እንደ ልጅነቷ እጇን ገለበጠችና ጀርባው ላይ ጠብ! አደረገችው።

«ቀይ ነው፣ አባዬ» አለች። «ቀይ።»

አቶ ማህተም አቀፏት። እትዬ እርሾ ክው ብለው ቀሩ፤ ወደ ልጃቸው ዞሩና ክንዱን ያዙት።

«ቀይ አለች? ቀርቷል ማለት ነው?»

«ኧረ አለ ማለት ነው፣ እማዬ!» አለ ዝምተኛው ልጅ፣ መንገድ ድረስ በሚሰማ ድምፅ። «ሠርጉ አለ!»